ተጨማሪ መረጃ፦ የሚንጣጣው በረዶ

አየር ሲታመቅ ግፊቱ እንደሚጨምር ተምራችኋል። በአሜሪካ፣ አላስካ ውስጥ በሚገኘው የኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ ይህ ሕግ በጆሮ ይሰማል።

በበጋ ወራት ጎብኚዎች ከሲዋርድ ከተማ በሞተር ጀልባ ተነሥተው ወደ አያሊክ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳሉ። እዚያም በአስጎብኚ እየተመሩ በካያክ ይቀዝፋሉ። ካያክ ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብና ቀላል ጀልባ ናት፤ መቅዘፊያዋ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ ነው።

ወደ አያሊክ የበረዶ ግግር ሲቃረቡ፣ ከተንሳፋፊዎቹ የበረዶ ስብርባሪዎች ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ የመንጣጣት ድምፅ ይሰማል። የበረዶ ግግር ማለት ለብዙ ዓመታት የወረደ በረዶ በየብስ ላይ ተደራርቦ፣ በራሱ ክብደት ተጠቅጥቆና ጠጥሮ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ግዙፍ ክምር ነው። በረዶው ሲጠቀጠቅ በውስጡ የቀረው አየር በጥቃቅን አረፋዎች ይታመቃል። በረዶው በባሕር ውስጥ ሲቀልጥ አረፋዎቹ ተራ በተራ ይፈነዳሉ።

ከግግሩ ፊት አንዳንዴ ግዙፍ ቁራጭ ተገምሶ ይወድቅና ማዕበል ያስነሣል። ስለዚህ አስጎብኚዎች ቡድኑን ከግግሩ አርቀው ያቆማሉ። ሲል የሚባሉት የባሕር አጥቢዎችም በተንሳፋፊው በረዶ ላይ ስለሚያርፉና ስለሚወልዱ፣ እንዳይደነግጡ መራቅ ያስፈልጋል።

ሞክሩ፦ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የበረዶ ቁራጭ ጨምሩ። ምን ያህሉ ከውሃው በላይ ሆነ? የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉበት፤ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ከፍታው ተለውጧል? ምክንያቱን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።