ጆይስቲክንና ስልክን ያለ ሽቦ ማጣመር

ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦ በሚደርሰው መንገድ ዳር በሚገኙት ከተሞች ብዙ ወጣቶች ስማርት ስልክ ይዘው እናያለን። ይደውሉበታል፤ መልእክት ይላላኩበታል፤ ሥራ ሲፈቱም ጌም ይጫወቱበታል። ጌሙን የሚጫወቱት የስልኩን መስተዋት በጣት እየነኩ ነው። መስተዋቱ ግን ትንሽ ነው። ሁለት አውራ ጣት ሲያርፍበት ብዙው ክፍል ይሸፈናል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሽቦ የሌለው ጆይስቲክ ይገዛሉ።

አንድ የአዲስ ዓለም ልጅ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ወርዶ ጆይስቲክ ገዛ እንበል። ቤቱ ገብቶ ቁልፉን ቢጫን፣ ቢያገላብጥ፣ ስልኩ ዝም አለው። ምን ያደርጋል? «ተታለልኩ፤ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ይጥለዋል። ወይም ለጠጋኝ ከፍሎ ያሠራዋል። ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማጣመር ነው። ስለዚህ ማጣመር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን።

ብሉቱዝ ምንድን ነው?

በአገራችን የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። መስመሩ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኝ ነበር፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ሽቦ በእንጨት ላይ መዘርጋት ግድ ነበር። ዛሬ ጆይስቲክና ስልክ የሚነጋገሩት ግን ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ሞገድ ነው። የዚህ አነጋገር ዘዴ ስም ብሉቱዝ ይባላል።

«ሬዲዮማ ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ ይሰማል፤ ብሉቱዝ ለምን ሩቅ አይሄድም?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የሬዲዮ ጣቢያ ማሰራጫ ኃይለኛ ነው። የጆይስቲክ ማሰራጫ ግን በትንሽ ባትሪ ብዙ ሰዓት እንዲቆይ ተብሎ ደካማ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እስከ 10 ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት ከቤት እስከ አጥር በር ቢሆን ነው። መካከል ላይ ወፍራም ግድግዳ ካለ ደግሞ ያጥራል።

የብሉቱዝ ሞገድ በሴኮንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ዋይፋይም በዚሁ አካባቢ ይሠራል። ታዲያ ሁሉም በአንድ ቦታ ሲጮኹ ለምን አይደባለቁም? ሁለት ጓደኛሞች የገበያ ጫጫታ ቢያውካቸው አስቀድመው በተስማሙበት ተራ ቦታ እየለወጡ ይነጋገራሉ። ብሉቱዝም እንዲሁ ያደርጋል። የተለመደው ብሉቱዝ 79 መስመሮች አሉት፤ በሴኮንድም 1600 ጊዜ ከመስመር ወደ መስመር ይዘላል። ተራውን የሚያውቁት የተጣመሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ ኢንቴል፣ አይ.ቢ.ኤም.ና ቶሺባ አንድ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ በአማርኛ «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ይህም ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የዴንማርክ ንጉሥ የሃራልድ ቅጽል ስም ነው። ንጉሡ ሕዝቦችን በአንድ አገዛዝ ሥር እንዳሰባሰበ ሁሉ፣ ብሉቱዝም የተለያዩ ኩባንያዎች የሠሯቸውን ዕቃዎች ያስተሳስራል ተብሎ ነው ስሙ የተሰጠው።

ማጣመር ለምን አስፈለገ?

ገበሬ ሁለት በሬዎችን ሳይጠምድ ማረስ አይችልም። በሬዎቹ ቢኖሩም፣ ማረሻው ቢኖርም፣ ቀንበር ከሌለ ሥራ የለም። ጆይስቲክና ስልክም እንዲሁ ናቸው። ሳይጣመሩ ቢሠሩ ኖሮ የጎረቤት ልጅ ጆይስቲክ ሲነካ የእኛ ስልክ በታዘዘ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱ ይተዋወቃሉ፤ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ በጋራ ይይዛሉ፤ ያንንም ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ቀን ሲበሩ በራሳቸው ይፈላለጋሉ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንረዳለን። ጆይስቲክ የሚፈልገው የቀድሞ ጓደኛውን ነው። በጌም ቤት ከፕሌይስቴሽን ጋር ሲሠራ የነበረ ጆይስቲክ ቢገዛ፣ ሲበራ ያንኑ ፕሌይስቴሽን እንጂ አዲሱን ስልክ አይፈልግም። አዲስ ጓደኛ እንዲፈልግ መታዘዝ አለበት።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1ኛ. ጆይስቲኩን ቻርጅ ማድረግ። ባትሪው የደከመ ጆይስቲክ መብራቱ ቢበራም ሲጣመር ሊቋረጥ ይችላል።

2ኛ. በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ማንበብ። ብሉቱዝ እንዳለው፣ ለስልክም እንደሚሆን የሚነግረን እሱ ነው። አንዳንዱ ጆይስቲክ የሚሠራው ከራሱ ትንሽ መቀበያ ጋር ብቻ ነው። አሮጌ የኤክስቦክስ ጆይስቲክ የሚገዛ ሰው ደግሞ የመሐሉን የኤክስቦክስ ቁልፍ አካባቢ ይመልከት። ፕላስቲኩ ከፊት ገጹ ጋር አንድ ወጥ ከሆነ ብሉቱዝ አለው፤ በላይ በኩል ካሉት የጠርዝ ቁልፎች ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን የለውም።

3ኛ. ስልኩን ማየት። አይፎን ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይ.ኦ.ኤስ. 13 ጀምሮ የፕሌይስቴሽን 4ንና ብሉቱዝ ያለውን የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ይቀበላል። አንድሮይድ ከሆነ ለፕሌይስቴሽን 4 አንድሮይድ 10፣ ለፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ አንድሮይድ 12 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ይመረጣል።

4ኛ. በስልኩ «ሴቲንግ» ገብቶ ብሉቱዝን ማብራት፤ ከዚያም አዲስ ዕቃ እንዲፈልግ ማዘዝ።

5ኛ. ጆይስቲኩን ወደ ማጣመር ማስገባት። የፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ «ሼር» የሚለውንና የመሐሉን «ፒ.ኤስ.» ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ከሆነ «ክሪኤት» የሚለውንና «ፒ.ኤስ.»ን መያዝ ነው። የኤክስቦክስ ከሆነ መጀመሪያ አብርቶ፣ በላይኛው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ነው። በሦስቱም ምልክቱ አንድ ነው፤ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ይላል። የሌላ ኩባንያ ጆይስቲክ ከሆነ የቁልፎቹን ስም ወረቀቱ ይናገራል።

6ኛ. በስልኩ ላይ የጆይስቲኩ ስም ሲወጣ ስሙን መንካት። ስልኩ «ላጣምር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መፍቀድ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ጸንቶ ከበራ ተጣምሯል ማለት ነው።

አሁን ጌሙን መክፈት ነው። ይሁን እንጂ ጌም ሁሉ ጆይስቲክ አይቀበልም። የሚቀበለው ሠሪዎቹ አስበውበት የሠሩት ጌም ብቻ ነው። በአንዱ ጌም አልሠራ ቢል በሌላ ሳይሞክሩ ዕቃውን መኮነን አይገባም።

እምቢ ያለ እንደሆነስ?

መጀመሪያ የቀድሞ ጓደኛው በአጠገቡ እንዳለ እንይ። ፕሌይስቴሽኑ ወይም ሌላው ስልክ ካለ ይጥፋ። ቀጥሎ ስሙን ከስልኩ ዝርዝር ሰርዘን እንደገና ከ4ኛው ተራ እንጀምር። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ በጀርባው ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ በቀጭን ሽቦ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ ብንጫናት የቀድሞውን ትውውቅ ትረሳለች። ይሄ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለ ነው ወደ ጠጋኝ የሚኬደው።

ጥንቃቄ

በብዙ ቤት ስልኩ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። አባት የእህል የሸጠበትን፣ እናት የዕቁቧን ገንዘብ ያስቀመጠችበት ስልክ ነው ጌም የሚጫወቱበት። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንበል።

የታወቀ ኩባንያ ጆይስቲክ ለመጣመር ብቻ የተለየ አፕ አያስፈልገውም። «ይህን አፕ ካልጫናችሁ አይሠራም» የሚል ሰው ቢመጣ፣ አፑም መልእክታችሁን ላንብብ የሚል ከሆነ፣ መጠርጠር ነው። ባንክና ቴሌብር የሚልኩት የምስጢር ቁጥር በዚያ መንገድ ሊወሰድ ይችላል። ቁጥሩን ለማንም አለመንገር ነው። ባላዘዝነው ሰዓት «ልጣመር» የሚል የማናውቀው ስም ቢመጣ አለመፍቀድ ነው። ጨዋታው ሲያበቃ ብሉቱዙን ማጥፋት ነው። ጆይስቲኩን ወይም ስልኩን ከመሸጥ በፊትም ትውውቁን መሰረዝ ነው። ባትሪው ያበጠ ጆይስቲክ ቢገኝ ደግሞ መውጋትም ሆነ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ለጌም ብቻ አይደለም

ማጣመርን ያወቀ ሰው ያወቀው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ የፊደል ገበታ ከስልኩ ጋር አጣምሮ ጽሑፉን ይጽፍበታል። ጆሮው የደከመ ሰው የሚያደርገው አንዳንዱ አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ከስልክ ጋር የሚገናኘው በዚሁ መንገድ ነው። ጣቱ መስተዋት ለመንካት የማይታዘዝለት ሰው ደግሞ ለእጁ የሚስማማ መጫኛ ሊያጣምር ይችላል። አሠራሩ በሁሉም አንድ ነው፤ ማብራት፣ መፈለግ፣ መምረጥ፣ መፍቀድ።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ዕቃውን ከመግዛት በፊት፣ ከገዙም በኋላ ከመጣል በፊት፣ ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ገንዘብን ያድናል።

ጥያቄዎች

1. ጆይስቲክ ከ10 ሜትር ያህል ርቀት በላይ የማይሠራው ለምንድን ነው?
2. በጌም ቤት ሲሠራ የነበረ ጆይስቲክ አዲስ ስልክን በራሱ የማይፈልገው ለምንድን ነው?
3. ጆይስቲኩ ለመጣመር መዘጋጀቱን በምን እናውቃለን?
4. ጌም የሚጫወቱበት ስልክ ቴሌብር ያለበት ከሆነ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?
5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ከጌም ሌላ በብሉቱዝ የሚጣመር ምን ዕቃ አለ? ተነጋገሩበት።