ተረትና እውነታ፦ የማውስ ፖሊንግ ሬት ማሳደግ ኦንላይን ጌም ያፈጥናል?

በኮምፒውተር ጌም በሚጫወቱ ወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ምክር አለ፦ «ጌሙ ከተጎተተብህ የማውሱን ፖሊንግ ሬት ከፍ አድርገው።» ሴቲንግ ገብቶ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ከሆነ ምክሩ ጉዳት የለውም። የሚያሳዝነው ይህን እምነት ይዞ ለወራት የተጠራቀመ ገንዘብ 8,000 ኸርዝ የሚል የማውስ ካርቶን ላይ ሲወጣ ነው። ማውሱ ጥሩ ማውስ ሊሆን ይችላል። የተገዛበትን ችግር ግን አይፈታም፤ ኦንላይን ጌም ላይ የሚሰማው መጎተት በአብዛኛው የሚፈጠረው የማውሱ ሥራ ካበቃ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ።

ፖሊንግ ሬት ማለት ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ማውሱን «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ እንደሚጠይቅ የሚናገር ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ማውሱ በራሱ ጊዜ መረጃ የሚልክ ይመስለዋል፤ በዩኤስቢ ላይ ግን ጠያቂው ኮምፒውተሩ ነው፣ ማውሱ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ተራ የቢሮ ማውስ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 125 ጊዜ ይጠየቃል። በሁለት ጥያቄዎች መካከል 8 ሚሊሰከንድ ያልፋል ማለት ነው። በ500 ኸርዝ ክፍተቱ ወደ 2፣ በ1,000 ኸርዝ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ 8,000 ላይ ሲደርስ የአንድ ሚሊሰከንድ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ቁጥሮቹ የመጡት ከዩኤስቢ አሠራር ነው። በሰከንድ 12 ሜጋቢት በሚያስተላልፈው የዩኤስቢ ፍጥነት ትንሿ የጊዜ ክፍል 1 ሚሊሰከንድ ስለሆነች ለረጅም ዓመታት ጣሪያው 1,000 ነበር። ከዩኤስቢ 2.0 ጋር የመጣው የ480 ሜጋቢት ፍጥነት ያችን ሚሊሰከንድ ለስምንት ይከፍላታል። ሬዘር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባለ 8,000 ኸርዙን ቫይፐር ለገበያ ያቀረበው በዚሁ ክፍፍል ተጠቅሞ ነው።

«ፖሊንግ ሬት ሲጨምር ፒንግ ይቀንሳል»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ፒንግ የሚለካው ከኮምፒውተሩ ተነስቶ ጌሙ ወደሚስተናገድበት ሰርቨር ደርሶ የሚመለስ መልእክት የሚፈጀውን ጊዜ ነው። የማውሱ መንገድ ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያልቃል። ፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ሣጥኑን በሳምንት አንዴ መክፈቱን ትቶ በየቀኑ ቢከፍት፣ የገባ ደብዳቤ ሳያድር እጁ ይገባል፤ ገና ከአሜሪካ በመምጣት ላይ ያለው ደብዳቤ ግን በዚህ የተነሳ በአንድ ቀን እንኳ አይፈጥንም።

ከማውሱ የተሰበሰበው መረጃም እንዳለ ወደ ሰርቨሩ አይሄድም። ጌሙ ሪፖርቶቹን ደምሮ ተጫዋቹ ወዴት እንደዞረና መቼ እንደተኮሰ ያሰላል፣ ከዚያ ውጤቱን በራሱ ምት ይልካል። ቫሎራንት በተባለው የተኩስ ጌም ሰርቨሮቹ ጨዋታውን በሰከንድ 128 ጊዜ ያሰላሉ፤ አንዱ ምት 7.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለ 1,000 ኸርዝ ማውስ ስምንት ያህል፣ ባለ 8,000ው ደግሞ 62 ያህል ሪፖርት ለኮምፒውተሩ ያቀርባሉ። ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ሁለቱም የአንድ ምት ውጤት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላው የተኩስ ጌም፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ተኩሱ በሁለት ምቶች መካከል በየትኛው ቅጽበት እንደተፈጸመ አብሮ ይመዘግባል፤ ይህም ቢሆን መልእክቱ የሚጓዝበትን መንገድ በአንድ ሜትር አያሳጥረውም።

ከአዲስ አበባ ለሚጫወት ሰው ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። የሚገናኘው ሰርቨር ብዙ ጊዜ በባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም በአውሮፓ ይገኛል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ በአየር ላይ ቢለካ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊሰከንድ አያንስም። ፍራንክፈርት ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 53 ሚሊሰከንድ ነው። ይህም የሚሆነው ፋይበሩ በማስመሪያ እንደተሰመረ በቀጥታ ቢዘረጋና በመሀል አንድም ማሽን ባያቆመው ነው። በተግባር መስመሩ እንደ ጅቡቲ ባለ ጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ወደ ባሕር ውስጥ ኬብል ይወርዳል፣ በየማዞሪያው ይቆማል፣ ይጠማዘዛል። ግንኙነቱ በሞባይል ኔትወርክ ከሆነ ከስልክ ማማው ጋር ያለው ልውውጥ ብቻውን በአስር የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ሊጨምር ይችላል።

አሁን ሁለት ዘመዳሞች አብረው ይጫወቱ እንበል፤ አንዱ አዲስ አበባ ባለ 8,000 ኸርዝ ማውስ ይዟል፣ ሌላው ፍራንክፈርት ከሰርቨሩ አጠገብ ባለ 125 ኸርዝ የቢሮ ማውስ። የፍራንክፈርቱ ማውስ እጅግ ቢዘገይ የሚያዘገየው 8 ሚሊሰከንድ ነው። በርቀቱ ብቻ ግን ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይቀድማል። የአዲስ አበባው ልጅ ማውሱን ምንም ያህል ቢያሻሽል ይህን ክፍተት ሊሞላው አይችልም። ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ማውጣቱ ነው የሚቆጨኝ።

«የሰው ዐይን ሚሊሰከንድ አይለይም፤ ሁሉም የሻጭ ወሬ ነው»

በሌላው ጫፍ የቆሙት ደግሞ ነገሩን ከነጭራሹ ይክዱታል። ሰው አንድ ነገር አይቶ በጣቱ ምላሽ እስኪሰጥ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዚያ ውስጥ 7 ሚሊሰከንድ ቢቀነስ ማን ያውቀዋል? ይላሉ። ክርክሩ ሲሰሙት ያሳምናል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል። ድንገት ብቅ ላለ ጠላት ምላሽ መስጠት አንድ ነገር ነው። የገዛ እጅን እንቅስቃሴ በስክሪን ላይ እያዩ መከተል ሌላ ነው፤ በዚህ ጊዜ ዐይን የሚያስተውለው የእንቅስቃሴውን ወጥነት ነው።

ባለ 144 ኸርዝ ስክሪንና ባለ 125 ኸርዝ ማውስ እንውሰድ። ጌሙም ያንኑ ያህል ፍሬም ያወጣል እንበል። በሰከንድ 144 ምስል ይታያል፣ ከማውሱ የሚመጣው ግን ቢበዛ 125 ሪፖርት ነው። ስለዚህ እጅ ሳያቋርጥ እየተንቀሳቀሰ በየሰከንዱ ቢያንስ 19 ምስሎች ስለ እጁ ምንም አዲስ ነገር ሳይዙ ይወጣሉ፤ ማነጣጠሪያው ባለበት ይቆምና ቀጥሎ ይዘላል። በ240 ኸርዝ ስክሪን እንዲህ ያሉት ምስሎች 115 ይደርሳሉ፤ ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ውድ ስክሪን ገዝቶ ከአሮጌ የቢሮ ማውስ ጋር የሚጠቀም ሰው ከስክሪኑ ማግኘት የሚገባውን ልስላሴ በዚህ መንገድ ያጣል። በ60 ኸርዝ ስክሪን ላይ ነገሩ ቀለል ይላል፤ በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ ሁለት ሪፖርት፣ አልፎ አልፎም ሦስት ይገባል፣ ስክሪኑ ራሱም በሁለት ምስሎች መካከል 16.7 ሚሊሰከንድ ያስጠብቃል።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ከልስላሴው እኩል ይመዝናል። በ125 ኸርዝ አንድ ክሊክ ከጥያቄው ጋር በገጠመበት አጋጣሚ ወዲያው ሊታወቅ፣ ወይም እስከ 8 ሚሊሰከንድ ሊቆይ ይችላል። መዘግየቱ ቋሚ ቢሆን እጅ ይለምደው ነበር፤ የሚዋዥቅን መዘግየት ግን መልመድ ይከብዳል። በ1,000 ኸርዝ መዋዠቁ ከ1 ሚሊሰከንድ አይበልጥም፤ አማካይ መዘግየቱም ከ4 ሚሊሰከንድ ወደ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ማውሳችሁ 1,000 የሚችል ሆኖ በ125 ላይ ተቀምጦ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። የሚቀየረው በአምራቹ ሶፍትዌር ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ከማውሱ ሆድ ሥር ቁልፍ አለ።

«1,000 ከ125 ከተሻለ፣ 8,000 ስምንት እጥፍ ይሻላል»

ቁጥሩ ስምንት እጥፍ ያድጋል፣ የሚተርፈው ጊዜ ግን በጣም ትንሽ ነው። ከ125 ወደ 1,000 ሲኬድ በአማካይ 3.5 ሚሊሰከንድ ይተርፋል። ከ1,000 ወደ 8,000 ሲኬድ የሚተርፈው ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም።

በካርቶኑ ላይ የማይጻፍ ሌላ ገደብ ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ 8,000 ጊዜ ጠየቀ ማለት 8,000 መልስ አገኘ ማለት አይደለም፤ ማውሱ የሚናገረው የሚናገረው ነገር ሲኖረው ነው። በ800 ዲፒአይ የተስተካከለ ማውስ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲገፋ 800 ነጥብ ይቆጥራል። ተጫዋቹ የሚሮጥ ጠላት እየተከተለ እጁን በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ቢያንቀሳቅስ የሚቆጠረው 1,600 ነጥብ ገደማ ነው። ከ8,000ው ጥያቄዎች 6,400 ያህሉ መልስ ሳያገኙ ያልፋሉ። ሁሉም እንዲሞሉ እጁ በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር መፍጠን አለበት። በፍጥነት ዞሮ ለመተኮስ ይህ ይሆናል፤ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ቀስ ያለ ማነጣጠር ላይ ግን አይሆንም።

ዋጋም ያስከፍላል። ፕሮሰሰሩ በየሰከንዱ እስከ 8,000 ጊዜ ከሥራው እየተነሳ ማውሱን ያስተናግዳል። አቅሙ ደከም ባለ ኮምፒውተር ላይ ይህ የጌሙን ፍሬም ያወርደዋል፣ ወይም ምስሉን ያንገጫግጨዋል፤ መጎተትን ለማጥፋት የተገዛው ዕቃ መጎተት ያመጣል። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ለዊንዶውስ 11 ባወጣው ማሻሻያ ውስጥ ከፍተኛ ፖሊንግ ሬት ባላቸው ማውሶች ሲጫወቱ የሚፈጠረውን የአፈጻጸም ችግር ለማቃለል ሠርቷል። ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ ባትሪው አለ፦ ሬዘር ስለ ቫይፐር ቪ3 ፕሮ የሚሰጠው አሃዝ በ1,000 ኸርዝ እስከ 95 ሰዓት፣ በ8,000 ኸርዝ እስከ 17 ሰዓት ነው።

«ታዲያ ፕሮፌሽናሎቹ ለምን ይጠቀሙበታል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ከእነሱም 1,000 ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። ወደ ላይ የሚወጡትም በትልልቅ የአዳራሽ ውድድሮች ላይ ሰርቨሩ እዚያው አጠገባቸው ተተክሎ፣ 360 ኸርዝና ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን፣ ፍሬሙን በማይጥል ኮምፒውተር ይጫወታሉ። ሌላው መዘግየት ሁሉ ከተወገደ በኋላ የቀረችውን ግማሽ ሚሊሰከንድ መፈለግ ትርጉም ይኖረዋል። በ110 ፒንግ ለሚጫወት ሰው ግን ያቺ ግማሽ ሚሊሰከንድ ከመዘግየቱ ከሁለት መቶ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም።

«ርካሽ ማውስም በፕሮግራም 1,000 ይደረጋል»

አንዳንዱ ይደረጋል። ነገር ግን የዊንዶውስን የዩኤስቢ አሠራር የሚቀይር ሌላ ድራይቨር መጫን ይጠይቃል፣ ለዚያም ብዙ ጊዜ እንደ ሴኪዩር ቡት ያለውን የኮምፒውተሩን መከላከያ ማጥፋት ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 11 ላይ የቫሎራንቱ ጸረ ማጭበርበሪያ ቫንጋርድ ሴኪዩር ቡት ካልበራ ጌሙን አይከፍትም። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ድራይቨር ደግሞ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ለባዕድ እንደመስጠት ስለሆነ አልመክረውም።

«ጌም ሲጎተት ማውሱ ነው»

የሚጎተተው ምን እንደሆነ ለይቶ ማየት ይቻላል። ማነጣጠሪያው ከእጅ ጋር እኩል እየሄደ ጠላቶቹ ከቦታ ቦታ ከዘለሉ፣ ወይም የተመታ ጠላት ቆይቶ ከወደቀ፣ ችግሩ ኔትወርኩ ነው። ጠላት በሌለበት ሜዳ እንኳ ማነጣጠሪያው ራሱ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮምፒውተሩን ወይም ማውሱን መጠርጠር ነው፤ ከኢንተርኔት ወጥቶ ከቦት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች፣ ጋር መጫወት ሁለቱን በደንብ ይለያል። እዚያም ከተቆራረጠ ኔትወርኩ ነጻ ነው። ያኔ የፍሬም ቁጥሩን ማየት፣ ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ፣ ማውሱንም ከ8,000 ወደ 1,000 አውርዶ መሞከር ይገባል።

ከቦት ጋር ለስልሶ ኦንላይን ሲገባ ብቻ የሚጎተት ከሆነ፣ ለማውሱ የታሰበውን ገንዘብ ወደ ራውተሩ አቅጣጫ ማዞር ይሻላል። ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የሚዘረጋ የኔትወርክ ኬብል ከጌም ማውስ ጋር የማይወዳደር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ዋይፋይ በግድግዳና በጎረቤት ሞገድ መሀል የሚጨምረውን መዋዠቅ ይቀንሳል። ሰርቨር መምረጥ በሚቻልበት ጌም ላይ በካርታ ከሚቀርበው ይልቅ በፒንግ ዝቅተኛውን መምረጥ ያዋጣል፤ በካርታ ቅርብ የሆነ አገር በኬብሉ መንገድ ሩቅ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በጋራ ኢንተርኔት የሚጠቀም ቤት ሁሉ ሊሞክረው ይገባል። ጌሙ ውስጥ የፒንግ ቁጥሩን ክፈቱና እያያችሁ ሌላ ሰው በዚያው መስመር ትልቅ ቪዲዮ እንዲልክ አድርጉ። 90 የነበረው ፒንግ ወደ 300 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ፣ የጌሙ መልእክት ራውተሩ ላይ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፏል ማለት ነው። አንዳንድ ራውተሮች ውስጥ ለአንድ ኮምፒውተር ቅድሚያ የሚሰጥ ወይም የሌሎቹን የመላኪያ ፍጥነት የሚገድብ ሴቲንግ አለ፤ ከሌለም ቪዲዮው ጨዋታው እስኪያልቅ እንዲቆይ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ነው። በዚህ የሚተርፈው በመቶ የሚቆጠር ሚሊሰከንድ ነው።