አንዲት ወረቀት አትመሰክርም፦ ርካሽ ጠመንጃ በምን ይመዘናል?

ለዛሬ ከፖለቲካው ጥቂት ፈቀቅ እንበልና ወደ ኢላማ ሜዳ እንሂድ።

ባለፈው በጋ አንድ ቅዳሜ ነው። አንድ የአገሬ ሰው ከነልጁ ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ይዞኝ ሄደ። ልጁ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አባትየው ኢላማ ሊያስተምረው አንድ ርካሽ ባለ 22 ጠመንጃ ገዝቷል። በመጀመሪያው ቀን ልጁ በ50 ያርድ (46 ሜትር ግድም) ርቀት ሦስት ጥይት ተኩሶ፣ ሦስቱን ቀዳዳ አንዲት የአስር ሳንቲም ዳይም ትሸፍናቸው ነበር። አባት ያችን ወረቀት በቦርሳው ይዞ ይዞራል። ከማኅበር እስከ ለቅሶ ቤት ያላያት ሰው የለም።

የዚያን ቀን ግን አምስት ጥይት ተተኩሶ ቀዳዳዎቹ ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር ተራራቁ። አባት ተቆጣ። «ጠመንጃው የሚችለውን አይተነዋል፤ ልብህ ሌላ ቦታ ነው እንጂ!» አለው። ልጁም «እሺ አባዬ» ብሎ አቀረቀረ።

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነበር? የልጁ? የጠመንጃው? እኔ እንደማየው የሁለቱም አልነበረም። ያሳሳተችን ያቺ ወረቀት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠመንጃ፣ በአንድ እጅና በአንድ ዓይነት ጥይት፣ ሁለት ጊዜ ቢተኮስ ውጤቱ አንድ አይሆንም። የጥይቱ ቁጥር ሲጨምር ደግሞ ስፋቱ ይጨምራል። በስሌቱ መሠረት የአምስት ጥይት ስፋት ከሦስቱ በአማካይ አንድ አራተኛ ያህል ይበልጣል፤ የአስሩም ከአምስቱ እንደዚሁ። አማካዩ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ አምስት አምስት ጥይት አስር ዙር ቢተኮስበት፣ አንዱ ዙር ወደ 13 ሚሊ ሜትር መጥበቡ የተለመደ ነው። ያንን አንዱን መርጦ እያሳየ ዘጠኙን የሚደብቅ ሰው አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልተናገረም።

በእኛ በኩል ነገሩ ሥር አለው። በውጅግራና በምንሽር ዘመን ጥይት ብርቅ ነበር። ጥይት ብርቅ በሆነበት አገር ሰውም ጠመንጃም በአንድ ተኩስ ይወደሳል፣ በአንድ ተኩስ ይናቃል። እዚህ ግን የባለ 22 ጥይት ዋጋ በሳንቲም የሚቆጠር ነውና ደጋግሞ ላለመሞከር ምክንያት የለንም።

ታዲያ እንዴት እንመዝን? «አሜሪካን ራይፍልማን» የተባለው መጽሔት የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ አምስት ዙር በተከታታይ፣ በየዙሩ አምስት ጥይት፤ ከዚያ አማካዩን መውሰድ። የከፋውን ዙር መጣል የለም። ሲለካ በጣም የተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ይለኩና የአረሩ ውፍረት፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ይቀነሳል።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጥይቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የወጣው ይህ «22 ሎንግ ራይፍል» የተባለ ጥይት ሪምፋየር ከሚባለው ወገን ነው፤ ማቀጣጠያው ያለው በቀለሁ መሐል ሳይሆን በጠርዙ እጥፋት ውስጥ ነው። ማቀጣጠያው በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ የአረሩ ፍጥነት ከጥይት ጥይት ይለያያል፤ ቀዳዳዎቹም ላይና ታች ይሆናሉ። ፈጣን የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከድምፅ በላይ ተነስቶ 50 ያርድ ሳይደርስ ከድምፅ በታች ስለሚወርድ በመንገዱ ሊንገዳገድ ይችላል። በሰከንድ 1,070 ጫማ ገደማ የሚጓዘው መደበኛው ግን ከመነሻውም ከድምፅ በታች ነው። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ውድድር፣ 10.4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ባለ አስር ነጥብ ክብ የሚመቱት ተኳሾች የሚጠቀሙት ይህንኑ ቀርፋፋ ወገን ነው።

ስለዚህ «ይህ ጠመንጃ አይረባም» ከማለታችን በፊት ሦስት አራት ዓይነት ጥይት እንሞክር። ጥይት ሲቀየር አፈሙዙ ከአዲሱ ቅባት ጋር እስኪላመድ የመጀመሪያዎቹን አስር ያህል አንቁጠራቸው። የሰደፉ ብሎኖች መጥበቃቸውን፣ መነጽሩም አለመላላቱን እንይ። ነፋሱንም አንርሳ፤ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በ50 ያርድ ላይ አረሩን ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ይገፋዋል። ከጠረጴዛ ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ያልተተኮሰ ከሆነ ደግሞ የተመዘነው ጠመንጃው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ወደ አባትና ልጁ እንመለስ። «ጋሼ፣ እስቲ ሳንቆጣ እንቁጠር» አልኩት። ልጁ ከረጢቱ ላይ ተደግፎ አራት ዙር ጨመረ። አምስቱ ዙሮች 35፣ 22፣ 29፣ 18፣ 26 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ አማካዩ 26። ከዚያ መደበኛ ፍጥነት ያለውን ጥይት ከጎናችን ካለ ሰው ተውሰን፣ እንደ ደንቡ አምስት ዙር ደገምን፤ አማካዩ 19 መጣ። ልጁ ያው ልጅ፣ ጠመንጃውም ያው ጠመንጃ ነው።

አባት ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ያችን የታጠፈች ወረቀት ከቦርሳው አውጥቶ ለልጁ ሰጠውና «ከነዚህ ጋር አስቀምጣት፤ እሷም ከዙሮቹ አንዷ ናት» አለው። ለአንድ ኩሩ ሰው ይቅርታ ማለት ይኸው ነው። ልጁ ገብቶታል፤ አስራ አንዱንም ወረቀቶች ቀን ጽፎባቸው በደብተሩ ውስጥ አኖራቸው።

አንድ ጠመንጃ ስትገዙም ሆነ የሌላውን ስትሰሙ፣ «ስንት ዙር ተተኮሰ? የቀሩት ወረቀቶችስ የት አሉ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።