ሕመም የሚያበርድ መርዝ

ቦቱሊነም የሚባለው መርዝ አየር በማይገባው ዕቃ ታሽጎ በቆየ ምግብ ውስጥ ከሚራባ ጀርም ይወጣል። ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ የበረታ ነው። ታዲያ ይኸው መርዝ ሕመም ያስታግሳል ብንል ማን ያምነናል?

በ1996 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ ግን ይህን አሳየ። መርማሪዎቹ የአይጦችን መዳፍ በጥቂት መርዝ ቀደም አድርገው ወጉ፤ ኋላ እዚያው ላይ ፎርማሊን ሰጡ። የመጀመሪያው ሕመም እንዳለ ነው፤ ቆይቶ የሚከተለው ግን ቀነሰ፤ እብጠቱም ቀነሰ። መርዙ የነርቭ ጫፍ ግሉታሜት የተባለውን የሕመም መልእክተኛ እንዳይለቅ ያግደዋልና።

ይህ ተለክቶ በሐኪም እጅ ሲሰጥ ነው። ከምግብ ጋር የገባ እንደሆነ ያው ማገድ ጡንቻን ያሽመደምዳል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፥ መዋጥ ያቅታል፥ በመጨረሻም ትንፋሽ ይቆማል። ምልክቱ የታየበትን ሰው፥ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ፥ ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት።

ማፍላት የጀርሙን ዘር አይገድለውም፤ መርዙን ግን ያጠፋዋል። በመካነ ሰላም ደጋ፥ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፥ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፥ ቤት ውስጥ ታሽጎ የቆየ ምግብ በባሕር ወለል ከፍታ 10 ደቂቃ ቢበቃው እዚህ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ቆርቆሮው ያበጠውንስ ሳትቀምሱ ጣሉት።