ልማድና ስፍራው

የመስከረም ወር ተገባዶ ሰሊጡ ከታች ወደ ላይ መብሰል በጀመረ ጊዜ፣ ከደጋውና ከወይናደጋው አገር ወደ ቋራና ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከማጭዱና ከጋቢው ጋራ አንድ የማይታይ ጓዝ ይዞ ወደ ገለጉ ከተማ ይገባል፤ እርሱም ባደገበት ቀዬ የለመደው የኑሮ ሥርዓት ነው። ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ወደ እርሻ መውጣትን፣ ቀትሩን ሳያቋርጡ መሥራትን፣ ጥም ሲበረታ ብቻ ውሃ መሻትን ደጋው አስተምሮታል፤ ቆላው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍበት፣ በአጨዳም ወራት ቢሆን የቀትሩ ፀሐይ የማይደፈርበት አገር በመሆኑ ይህን ትምህርት ያፈርሰዋል። ሰው ጠባዩን አርሞ ሥራው እንዲከናወንለት የሚሻበትን ጥበብ ለመመርመር ከዚህ የሰሊጥ ማሳ የሚሻል ስፍራ ያለ አይመስለኝም።

በአገራችን ትጉህ ሰው ሲመሰገን የሚመሰገነው በፈቃዱ ብርታት ነው፤ ይልቁንም ዐፄ ቴዎድሮስን ባስገኘው በቋራ ምድር፣ የካሣን ቆራጥነት እየሰማ ያደገ ወጣት፣ ትጋት ማለት ጥርስን ነክሶ መጽናት ብቻ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ምርመራ ግን ወደ ሌላ መንገድ ይመራል። አሜሪካዊው ሊቅ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ለልማድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶት ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ዌንዲ ውድና ባልደረቦቿ፣ ተማሪዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትንና በዚያው ሰዓት የሚያስቡትን እንዲመዘግቡ አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ከተመዘገበው ተግባር 43 በመቶ ያህሉ ዕለት ዕለት ለማለት በሚቻል ሁኔታ በዚያው ስፍራ የሚደገምና ኅሊና በሌላ ነገር ተይዞ ሳለ የሚፈጸም ሆኖ አገኙት።

ምክንያቱ በአንጎል ውስጥ ነው። በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኙት ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶች፣ አንድ ተግባር በአንድ ዓይነት ምልክት እየተቀሰቀሰ በተደጋገመ መጠን፣ ክፍሎቹን አያይዘው እንደ አንድ ድርጊት ያደርጓቸዋል። አን ግሬይቢል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አይጦችን በመንታ መንገድ እያስኬደች ስትመረምር፣ ልማዱ ከጸና በኋላ የእነዚህ ሕዋሳት ንቃት በጉዞው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በርትቶ በመካከሉ ሲቀዘቅዝ ተመልክታለች። እንግዲህ የልማድ ቁልፉ መነሻ ምልክቱ ነው፤ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ሰዓት፣ ስፍራ፣ ወይም ቀድሞ የተፈጸመ ሌላ ተግባር ነው። አበው ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ወስነው ሲያቆዩ ይህን በገቢር ያወቁት ይመስላል፤ መነኩሴው ዛሬ ልጸልይ ወይስ ልተው እያለ ከራሱ ጋራ አይሟገትም፣ ሰዓቱ ይጠራዋልና።

ምክር ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያሳየ አንድ ፈተና አለ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሚልን፣ የኦርቤልና የሺራን ጥናት 248 ተማሪዎችን በሦስት ከፍሎ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሰውነታቸውን እንዲያሠሩ ቢጠይቃቸው፣ ምንም ካልተመከሩት 38 በመቶ፣ ስለ ልብ በሽታ አስፈሪነት ከተመከሩት 35 በመቶ ብቻ ሲፈጽሙ፣ ምክሩን ሰምተው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየት ስፍራ እንደሚሠሩ በጽሑፍ ከወሰኑት ግን 91 በመቶ ፈጸሙ። ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው በየስብሰባው የሚነገረውን የ«እንትጋ» ዲስኩር በትዕግሥት ማዳመጥ ይቸግረዋል።

ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጇ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ተከታትለው እንደደረሱበት፣ አዲስ ተግባር ያለ ሐሳብ የሚፈጸም እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ሲወስድ፣ ለአንዱ 18፣ ለሌላው 254 ቀን የሚያስፈልግ ነበር፤ አንድ ቀን ማስታጎልም ሥራውን ሁሉ አያፈርስም።

ወደ ቆላው ሠራተኛ እንመለስ። ስፍራ የልማድ ምልክት ከሆነ፣ ስፍራን መለወጥ የቀድሞውን ልማድ ምልክት ያሳጣዋል፤ ዌንዲ ውድ እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሪዎችን ስትመረምር ያገኘችውም ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ከደጋ የወረደ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአዲስ ልማድ እጅግ የተመቹ ናቸው፤ ሥጋውም በዚያው ጊዜ ይማራል። ሙቀት የነካው ሰው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የደሙ ውሃማ ክፍል ይበዛል፣ ላቡ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፣ ከላቡ ጋራ የሚጠፋው ጨው ያንሳል፣ የልቡም ምት ይረጋጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ ከሥራው ጊዜ 20 በመቶውን ብቻ እንዲያሳልፍ፣ ከዚያም በየቀኑ ከ20 በመቶ የማይበልጥ እንዲጨመርበት፣ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃውም ሩብ ሊትር ገደማ ውሃ እንዲጠጣ የሚመክረው ስለዚህ ነው።

ሰሊጥ ግን ይህን የሚታገሥ አዝመራ አይደለም። ጊዜው ካለፈ የፍሬው መያዣ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ባለማሳው ይቸኩላል፣ በሥራው ልክ የሚከፈለውም ሠራተኛ ከእርሱ ይብስ ይቸኩላል። ጭንቁን አልክድም። ሆኖም አጨዳው ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ፣ ቀትሩ ነዶ እያሰሩ በጥላ የሚታለፍበት፣ ጀሪካኑም ከሰፈሩ ተነሥቶ በማሳው መካከል አጫጁ ሊያልፍበት በሚገባው መስመር ላይ የሚቆምበት ሥርዓት፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያ የበለጠ ሰው ያድናል፤ ውሃው በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ለመጠጣት የፈቃድ ብርታት አያስፈልገውምና።

ስለ ሌሊቱም ነገሩ ያው ነው። እንቅልፍ የሚመጣው የሰውነት ሙቀት ዝቅ ሲል በመሆኑ የቆላ ሰው አልጋውን ወደ ደጅ ማውጣቱ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ወባን የምታስተላልፈው ትንኝና ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚበረቱት በዚያው ሰዓት ነው፤ ካላዛር ደግሞ በመተማና በሑመራ ቆላ ከቆላው ነዋሪ ይልቅ መጤውን ሠራተኛ የሚያጠቃ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። አጎበሩን «አትርሳ» ከማለት ይልቅ ከመኝታው ጋራ አብሮ ጠቅልሎ ማሰር ይበጃል፤ መኝታው ሲዘረጋ አጎበሩ በግድ እጅ ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ቆላ ሥርዓትን ከስፍራ ጋራ ማስማማት አዲስ ነገር አይደለም። በሽንፋ ወንዝ ዳር በጆን ካፔልማን መሪነት የተጠናውና እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣው ቁፋሮ እንዳስረዳው፣ ከ74,000 ዓመት በፊት በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በሽንፋ ዳር የነበሩ ሰዎች አገሩ በደረቀባቸው ጊዜ ወንዙ ወደሚያቁራቸው ኩሬዎች ዞረው ዓሣ ማጥመድን አበዙ፤ ከተገኘው የእንስሳት ቅሪት መካከል የዓሣው ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ ከፍ ብሏል።

በገለጉ በቢሮ የሚሠራው ጸሐፊና በክፍል የሚያስተምረው መምህር ከአጫጁ የተለየ ሕግ የላቸውም። ኅሊናን አጥብቆ የሚሻ ሥራ፣ ሒሳብ መመርመርም ሆነ ሪፖርት መጻፍ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ቢደረግ፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ የሚጠይቀው ለከሰዓት ቢተው፣ የሰውዬው ትጋት ሳይጨመር የሥራው ፍሬ ይጨምራል። ድሬዳዋ የቀትርን ዕረፍት ከልማዷ አድርጋ ስትኖር ሰነፍ ከተማ ተብላ አታውቅም። በቆላ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከቀትር በኋላ ተመድቦ ተማሪው ቢያንቀላፋ፣ ርእሰ መምህሩ ልጁን ከመገሠጹ በፊት የክፍለ ጊዜውን ሰሌዳ ቢያይ የተሻለ ነው።