ሽንኩርቱ ከገበያ፣ ጎመኑ ከጓሮ

የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል ጓሮ ያለው አዲስ አበቤ መጀመሪያ የሚያስበው ሽንኩርት መትከልን ነው። ሂሳቡ ግን ይህን አይደግፍም።

ሽንኩርት ችግኙ ከተተከለ በኋላ መደቡን ሦስት ወር ገደማ ይይዛል፤ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳይበላሽ ስለሚቆይ ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከፎገራ በጭነት መኪና ይመጣል፤ በሰፊ ማሳ የሚያመርተውን ገበሬ ባለጓሮው በወጪ አይወዳደረውም። የሐበሻ ጎመን ሌላ ነው። የታች የታች ቅጠሉ ሲቀነጠስ ከላይ ያቆጠቁጣል፤ አንዱ እግር ለወራት ማጀት ይመግባል። ቆስጣም እንዲሁ። ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ደግሞ በእስር ተገዝተው ግማሻቸው ደርቆ ይጣላል፤ ጓሮ ካሉ ግን ለአንድ ስኒ ቡና አንዲት የጤና አዳም ዘለላ ትበቃለች። ስለዚህ ትርፉ ያለው ቶሎ በሚጠወልገውና በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ በሚገዛው ላይ ነው።

ወጪው የሚያብጠው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲጀመር ነው። ለአናጺ ከፍሎ የእንጨት ሳጥን የሚያሠራ ሰው ጎመኑን በጥጃ ሥጋ ዋጋ እየበላ ነው። በናይሮቢዋ ኪቤራ ነዋሪዎች ጆንያ አፈር ሞልተው፣ መሃሉ ላይ ውኃ የሚያሰርግ ጠጠር አቁመው፣ ጎንና ጎኑን በስተው ይተክላሉ። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ ከታች የተበሳ የቀለም ባልዲም ይሆናል። ማዳበሪያው የአትክልት ልጣጭና አተላ ነው።

ዘሩ የዶላር ጉዳይ አለበት። ዲቃላ የአትክልት ዘር በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የሐበሻ ጎመን ግን ሁለት ሦስት እግሩ ሳይቆረጥ ቢተው አብቦ የሚቀጥለውን ዘር ራሱ ያፈራል።

ውኃውስ? በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ከ30,000 ሊትር በላይ ይቀበላል። ችግሩ ማጠራቀሚያው ነው። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል በ7 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል፤ አብዛኛው ዝናብ ደግሞ ጓሮው ውኃ በማያስፈልገው ክረምት ይወርዳል። በበጋ የሚያዛልቀው ሳሙና ያልነካው የማጀት እጣቢ ነው። ቢያንስ ምንጩ ይታወቃል፤ በአቃቂ ወንዝ በሚለማ አትክልት ላይ ግን ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል።

አበባን ቅንጦት የሚሉ አሉ። ጄራኒየምና ጽጌረዳ ከጎረቤት በተለመነ ቁራጭ ይይዛሉ፤ ወጪያቸው ምስጋና ነው። ማሪጎልድ ቀድሞ መደቡ ላይ በብዛት ሲተከል የአትክልት ሥር የሚያሳብጡ ጥቃቅን ትሎችን ይቀንሳል። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባም ለየብቻ ስለሆነ ንብ ካልመጣ ፍሬ የለም፤ ንቧን የሚጠራት አበባ ነው።

ቲማቲም ያማረው ባለጓሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይታገሥ። በክረምት ዝናብ ቅጠሉን የሚያቃጥለው በሽታ ይበረታል፤ ለመድኃኒቱ የሚወጣው ገንዘብ ቲማቲሙን ከገበያ ይገዛዋል።