ለእጮኛው ጉራ ሲነዛ ፍሬኑ ከዳው!

ልጁ አዲስ አበባ ይደግ እንጂ ቤተሰቦቹ ዝቋላ ናቸው። ዝቋላ ስላችሁ የቢሾፍቱው ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲሄዱ ያለውን ወረዳ ነው የምላችሁ። ነሐሴ 16 ሻደይ ይገባል፣ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ። እሱም በዚያው እጮኛውን ለእናት አባቱ ሊያስተዋውቅ መኪና ተውሶ ተነሳ። እሷም መንጃ ፈቃድ አላት። «ላግዝህ?» ብትለው፣ «ተራራ ላይ ደግሞ ሴት ትነዳለች እንዴ!» ብሎ ሳቀባት። አይ ወንድ!

እስከ ደብረ ብርሃን ሰላም ነበር። ጣርማበር ሲደርሱ ግን የነሐሴ ጉም መንገዱን ውጦታል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የፈለፈለውን ዋሻ እንዳለፉ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ 1 ሺህ 300 ሜትር አካባቢ ነው። ከፊታቸው ሲሚንቶ የጫነ ባለ ተሳቢ እየተንፏቀቀ ይወርዳል። «ይሄ ኤሊ!» አለና ኩርባው ላይ ደርቦ አለፈው። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ፤ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አደረገው።

«ምን ይሸታል?» አለችው።

ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ ወለሉ ድረስ ሰመጠ! በእጅ ፍሬንና በማርሽ ታግሎ መኪናዋን በተራራው በኩል ካለው ቦይ ውስጥ ወተፋት። ጎኗ ተላጠ፣ እነሱ ተረፉ። ትንሽ ቆይቶ ማን ደረሰ? ኤሊው! ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሸጎጠላቸው። ሾፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ የሚጨሰውን ጎማ አዩና «ልጄ፣ እኔ እኮ ፈርቼ አይደለም የምንፏቀቀው። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በዚሁ ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ፍጥነትን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከረገጣችሁት ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በፎሌ ስትወርዱ ሞተሩ መኪናውን አይዝም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሰውየው በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ሞተሩ እንዲይዝላቸው ነው። እናንተም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ፣ ካስፈለገም አንደኛ አስገቡ፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሹ እሺ ላይላችሁ ይችላል። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ከሸተታችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ቁሙና ይብረድ። ውሃ እንዳትደፉበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል!

ዳገት ላይ መቅደም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። 3 ሺህ ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። «እደርሳለሁ» ያላችሁት ቦታ ላይ ሳትደርሱ ከፊት መኪና ይመጣል። የጭነት መኪናው ፍሬቻ ቢያሳያችሁም «እለፍ» ማለቱ ይሁን ሊቆም፣ በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ። በጉም ረጅሙን መብራት ተዉት፣ ተመልሶ ራሳችሁን ነው የሚያሳውራችሁ።

እነዚያ ልጆች ፍሬኑን አሠርተው ደብረ ሲና አደሩ። በማግስቱ ደሴን፣ ወልድያንና ቆቦን አልፈው አላማጣ ገቡ። ከአላማጣ (1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ) ወደ ኮረም (2 ሺህ 500 ገደማ) የሚያወጣው የግራካሱ ጥምዝምዝ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየውና ቁልፉን ዝም ብሎ አቀበላት።

እሷም የእህል መኪኖቹን ኋላ ርቀት ጠብቃ፣ ኩርባ ሁሉ ላይ ክላክስ እያደረገች ወጣች። ተሳቢ ሲታጠፍ መንገዱን ሙሉ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ከላይ የሚመጣ ካየች ከማጠፊያው በፊት ቆማ ታሳልፋለች። ዳገት ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሲነሳ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላልና አትጠጋውም። አቦ ይመቻት!

ዝቋላ የደረሱት ባንድ ቀን ዘግይተው ነው። አባትየው «ምነው ቆያችሁ?» ቢሉ፣ ልጁ «ጎማ ፈንድቶብን ነው፣ አባዬ» አለ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠችው። ለእኔ ግን ሁሉንም ነግራኛለች።